ቀለም የሚበላው ውሃ

ባቡር ይሉታል፤ እጁም አፉም ስለሚፈጥን። ሥራው በሆስፒታሉ ላቦራቶሪ አንቲቦዲ ላይ ቀለም መለጠፍ ነው። አንቲቦዲ ማለት፣ ልጆቼ፣ ሰውነት ጠላቱን የሚይዝበት ዘበኛ ነው። የሚይዘውን አይስትም፣ ግን በዓይን አይታይም። የሚያበራ ቀለም ሲለጠፍበት ነው የት እንደተቀመጠ መሣሪያው የሚያሳየው።

ያን ሰሞን ፎቅ ላይ ደሟ የታመመ የሁለት ልጆች እናት ተኝታለች። ቀለም የያዘው አንቲቦዲ የታመሙት ሴሎቿን ከያዘ፣ ሐኪሙ አዲሱን መድኃኒት ይጀምርላታል፤ ካልያዘ ሌላ መላ ይፈልጋል። አንቲቦዲው የነበረው ሁለት ብልቃጥ ብቻ ነው። አንዱን ባቡር ትናንት አበላሸው። ሌላ ቢታዘዝ ወር ይፈጃል፤ ሴትዮዋ ደግሞ ወር የምትጠብቅበት አቅም የላትም።

"ቀለሙ ክፉ ነው እትዬ፤ አልለጠፍ አለኝ" አላት የክፍሉን ኃላፊ። እሷን ሚዛን ይሏታል፤ ሁሉን ሁለት ጊዜ ስለምትለካ።

"ቀለሙን ተወው። አንቲቦዲውን መጀመሪያ አጥበኸዋል?"

"እንዴታ! እንደ አራስ ልጅ ነው ያጠብኩት።"

"በምን ውሃ?"

"በዚሁ በሁልጊዜው ነዋ" ብሎ ትልቁን ጠርሙስ ከመደርደሪያው አነሳላት።

ሚዛን የጠርሙሱን ጽሑፍ በጣቷ አሳየችው። እዚያ ውሃ ውስጥ የሟሟው ቅመም ራሱ ቀለም ይወዳል፤ አንቲቦዲው ጋ ሳይደርስ መንገድ ላይ ይጠልፈዋል። ባቡር ይህን ከተማሪነቱ ጀምሮ ያውቀዋል። እጁ ግን የለመደውን አንስቷል። አንገቱን ደፋ።

"የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይላሉ፤ አንተ የምትለቅመውም አላስቀረህም!" አለችና ፊቱን ስታይ ድምጿ ረገበ። "በል አይዞህ ወንድሜ። ሁለተኛውን ራስህ ሥራው።"

"እኔ? እንዲህ ፈርቼ?"

"ደግ ነው። የፈራ እጅ አይሮጥም።"

በሌላ፣ ቀለም በማይነካ ውሃ ሦስት ጊዜ አጠበው። ቀለሙን ጨመረ፤ ብርሃን እንዳያገኘው ብልቃጡን በፎይል ጠቅልሎ አንድ ሰዓት አስቀመጠው። ሰዓቱን አላየም ብላችሁ ውሸት ነው፤ ሃያ ጊዜ አየ።

ከዚያ የተለጠፈውን ካልተለጠፈው ለመለየት፣ ቀዳዳ ያላቸው ጥቃቅን ነጫጭ ፍሬዎች በታጨቁበት ቀጭን ቱቦ ላይ አፈሰሰው። አንቲቦዲ ትልቅ ስለሆነ በፍሬዎቹ መሃል ሳይዘገይ ቀድሞ ይወርዳል፤ የተረፈው ቀለም ግን ትንሽ ነውና ፍሬው ውስጥ እየገባ ይጎተታል። ትናንት የታየው ያ የሚጎተተው ብቻ ነበር።

ሁለቱም ጎንበስ ብለው ጠበቁ። ሮዙ ቀለም እላይ ተኝቷል። ቆየ። ከዚያ ከሥሩ አንዲት ፈዘዝ ያለች ቀለበት ተለይታ ቁልቁል ጀመረች።

"እትዬ..."

"አየሁ፣ አየሁ። ተቀበላት!"

ጠብታዎቹን ሰበሰበ፤ ሚዛን ለካች፤ ደግማም ለካች። "ቀለሙ ይዟል። በል ሩጥ፣ ሐኪሙ ይጠብቅሃል!"

አልሮጠም። ብልቃጡን በሁለት መዳፉ ደረቱ ላይ አቅፎ ደረጃውን አንድ በአንድ ወጣ። ደረጃው ላይ የቆመው የሆስፒታሉ ጥበቃ አይቶት ሳቀ።

"ምነው ባቡሩ ዛሬ ተበላሸ?"

"የለም አባባ" አለ ዓይኑን ከደረጃው ሳያነሳ፣ "ሰው ጭኗል።"