ከአፍደም በኋላ ያለችው ግራር

«ለእናቱ ለቅሶ ያልመጣ ሰው፣ ይኸው ድንኳን ሙሉ ሰው መጣለት።»

ይህን ያለችው ንፍሮ የምታዞረው፣ የማርያምወርቅ የምትባለው ጎረቤት ናት። ሹክሹክታ መስሏት ነው እንጂ የእሷ ሹክሹክታ ከድንኳኑ አልፎ ጓዳ ይደርሳል። ትህትና ከሸራው ወዲህ ቆማ ከቡና ቅጠል የፈላውን የቅጠል ቡና ወደ ፔርሙዝ እየገለበጠች ነበር። እጇ ባለበት ቀረ። አባቷ ሶርሳ ከተቀበረ ገና አንድ ቀኑ ነው።

ወሬው አዲስ አይደለም። የዛሬ አርባ ምናምን ዓመት ሶርሳ ድሬዳዋ ባቡር ሲነዳ፣ እናቱ እዚህ ወላይታ፣ ቦምቤ ላይ ሞተች። ቴሌግራም ተላከለት፤ አልመጣም። ጡረታ ወጥቶ ሶዶ ቤት ሠራ፣ የስንቱን ጎረቤት አስከሬን ተሸከመ፣ የዕድር ዳኛ እስከመሆን ደረሰ። ያ ነገር ግን ከስሙ ላይ አልወረደም።

ታላቅ እህቱ እትዬ አሳየሽ ከቦምቤ መጥተው ከፊት ተቀምጠዋል። ሌሎቹ ሴቶች ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ሲለብሱ፣ እሳቸው እንደ ገበያ ቀን አጣፍተውታል። ይህን ያላየ ሰው የለም። «ሦስት ቀን እቀመጣለሁ፤ የሥጋ ነገር ነው። እንባ ግን የለኝም» ብለው ገና ሲገቡ ተናግረዋል። በሦስተኛው ቀን ድንኳኑ ሲነቀል ይሄዳሉ። በዚህ ዕድሜያቸው ከሄዱ ደግሞ መመለሳቸውን እንጃ። ትህትናን የጨነቃት ይህ ነው። አባቷ እህቱ እንኳ ሳታለቅስለት ሊቀር ነው።

እውነት ለእናቱ አላለቀሰም? ይህን በሕይወቱ ሳለ ደፍራ ጠይቃው አታውቅም። የምትጠይቀው ሌላ ነገር ነበር።

ትህትና ኮሌጅ ውስጥ ኮምፒዩተር ታስተምራለች። ከሁለት ዓመት በፊት አንድ ተማሪዋ የባቡር ሲሙሌተር ሰጣት፤ በስክሪን ላይ እውነተኛ መስመር እየሠሩ ባቡር የሚነዱበት ፕሮግራም ነው። ባጃጅ እንጂ ባቡር በማያውቀው ሰፈር፣ ሶርሳ በረዶ ላይ የሚሄደውን የፈረንጅ ባቡር አይቶ ሳቀ። «ይሄ ክብደት የለውም እንዴ? ቁልቁለት ላይ እንዲህ አይቆምም።» ከሳምንት በኋላ ተመልሶ መጣ። «የእኛን መስመር መሥራት ይቻላል?»

እሷ ከሳተላይት ፎቶ፣ እሱ ከገላው ትዝታ ሠሩት። ዓይኑን ይጨፍንና ማንኪያ እንደ ፍሬን እጀታ ይይዛል። «አሁን ትከሻዬ መስኮቱን ነካ። ወደ ቀኝ ጠምዝዢው።» ርቀት ሲጠየቅ ኪሎ ሜትር አይልም። «ከዚህ እስከዚያ አንድ ሸንኮራ ነው» ይላል፤ አንድ ሸንኮራ ተመጦ እስኪያልቅ ማለቱ ነው። ትህትና ገበያ ወርዳ ሸንኮራ ገዛች፣ ሲመጥ ሰዓት ያዘችበት፣ በባቡሩ ፍጥነት አባዛችው። ከሳተላይቱ ጋር ግማሽ ኪሎ ሜትር እንኳ አልተለያየም። ያን ሰሞን ቤቱ ልጣጭ በልጣጭ ሆኖ ነበር።

አፍደም የሚባለውን ጣቢያ ጨርሰው ወደ ድሬዳዋ ሲቀጥሉ ግን ተጋጩ።

«በስተቀኝ አንዲት ግራር። ከፊቷ የጥሩምባ ምልክት» አለ።

«አባዬ፣ የጥሩምባ ምልክት ሰው ሐዲድ ለሚያቋርጥበት ነው። እዚህ መንደር የለም፣ መንገድም የለም። ማን ሊሰማው?»

«ሰው ነበረበት።»

«መቼ?»

«አድርጊ ብያለሁ፣ ትህትና።»

አደረገች። ከዚያ ወዲህ ሲነዳ እዚያ ሲደርስ ፍጥነቱን ይቀንሳል፣ ረጅም ጥሩምባ ይነፋል፣ ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል። ሦስት ጊዜ ጠየቀችው። በሦስተኛው «ሆድ ይፍጀው» አላት። እሷም እልኸኛ ናትና ግራሯን ኮምፒዩተሩ ላይ «ለምን» በሚል ስም መዘገበቻት።

በሁለተኛው ቀን፣ ከምሳ በኋላ ድንኳኑ ጭር ሲል፣ የአባቷ ክፍል ገብታ ኮምፒዩተሩን ከፈተች። ለምን እንደከፈተችው ለራሷም አልገባትም፤ ናፍቋት ነበር። ከአፍደም ተነሳች። ግራሯ ጋ ስትደርስ ባቡሩን አቁማ፣ ከዚህ በፊት አድርጋው የማታውቀውን አደረገች። እይታውን ከሾፌሩ መስኮት አውጥታ ከዛፉ ጀርባ አዞረችው።

ሰዎች ነበሩ። ፕሮግራሙ ጣቢያ ላይ እንዲቀመጡ የሚሰጣቸው የስክሪን ሰዎች፣ ካፖርት የለበሱ ፈረንጆች፣ በዚያ በረሃ መሬት ላይ ቁጭ ብለዋል። ባለፈው ወር አባቷ «ሰው እንዴት ነው የሚቀመጠው?» ብሎ ጠይቋት አሳይታው ነበር፤ ለጣቢያው መስሏት። ቆጠረቻቸው፤ ሠላሳ አንድ። ክብ ሠርተዋል፣ መሃሉ ላይ የአንድ ሰው ቦታ ባዶ ነው።

ትህትና አለቀሰች። ለቅሶዋ መሃል ግን ጥያቄው አልለቀቃትም። እነማን ናቸው?

በሦስተኛው ቀን ረፋድ ላይ፣ ከአረካ በመጣ ሚኒባስ አንድ አቧራ የለበሱ ሽማግሌ ወረዱ። ከድሬዳዋ ሁለት ቀን ተጉዘው ነው። «ወንድሜን! ሶርሳን!» እያሉ ገቡ፣ ድንኳኑን እንደገና አስለቀሱት። ጋሽ በኃይሉ ናቸው፣ ባቡር ላይ የአባቷ ረዳት የነበሩት።

እንባቸውን እስኪጠርጉ ጠብቃ አጠገባቸው ተቀመጠች። «ጋሽ በኃይሉ፣ ከአፍደም በኋላ አንዲት ግራር አለች?»

ሰውየው ደነገጡ። «ማን ነገረሽ?»

እጃቸውን ይዛ ወደ ክፍሉ አስገባቻቸው። ባቡሩ ከትናንት ጀምሮ እዚያው ቆሟል። ጋሽ በኃይሉ ስክሪኑን አይተው ባርኔጣቸውን አወለቁ፣ ወንበሩን በእጃቸው ፈልገው ተቀመጡ። እትዬ አሳየሽ ለእንግዳው ቡና ይዘው በሩ ላይ ደረሱ። ኮምፒዩተር ነክተው አያውቁም፤ ግን አንዴ አይተው ጠየቁ።

«ይሄ የማን ለቅሶ ነው?»

«የእናታችሁ ነው» አሉ ጋሽ በኃይሉ።

«ውሸት! ቴሌግራሙን በእጄ ነው የላክሁት። አልመጣም!»

«ቴሌግራሙማ ደርሷል። ለእሱ አልተሰጠውም። የጣቢያው ሹም ‘ዘመድ በሌለበት በረሃ መርዶ አይነገርም፣ ፈቃድ ወጥቶ አገሩ ሲገባ ሽማግሌ ይንገረው’ ብሎ ደበቀው። ለደግ አስቦ ነው። እኔም አውቅ ነበር። አርባ ቀን ነገሩን በሆዴ ይዤ ከእሱ ጋር ካንድ ትሪ በላሁ።» ባርኔጣቸውን ጉልበታቸው ላይ አገላበጡ። «አንድ ቀን እየነዳን ከኪሱ ሻሽ አወጣ። ‘ለጊፋታ፣ ለዘመን መለወጫችን ስገባ ለእናቴ ነው፣ ቀለሙን ትወደው ይሆን?’ አለኝ። ከዚህ በላይ አልቻልኩም። እዚያች ግራር ጋ ነገርኩት።»

«ከዚያስ?» አለች ትህትና።

«ባቡሩን አቆመው። ወርዶ ዛፉ ሥር በወላይትኛ ይጮህ ጀመር። ተሳፋሪው ምን ሆነ ብሎ ወረደ፤ ነጋዴዎች፣ ወታደር፣ ሕፃን ያዘለች ሴት። ‘የሾፌሩ እናት ሞታ’ አልኳቸው። አንድ ሰው ‘እንሂድ’ አላለም። ነጠላ አነጠፉ፣ ከበቡት። ቋንቋውን የሚሰማ አንድም አልነበረም፣ ሁሉም ግን አለቀሰ። ከእኔ ጋር ሠላሳ አንድ ነበርን። መዝገቡ ላይ ‘ሞተር ጋለ’ ብለን ጻፍን። እሱ ግን በዚያ ባለፈ ቁጥር ጥሩምባ ይነፋ ነበር።»

ትህትና ወደ አክስቷ ዞረች። የእትዬ አሳየሽ አማርኛ ወንድና ሴት አይለይም፤ አሁን ደግሞ ቃላቱም ይወድቁባቸው ጀመር።

«በጊፋታ መጣ። በር ላይ ቆምኩበት። ‘እናታችን ሞቶ ያልመጣህ፣ ለበዓል ሥጋ መጣህ?’ አልኩት። አፉን ሲከፍት በሩን ዘጋሁ።» ስኒውን በሁለት እጃቸው ያዙ። «ሻሽ በእጁ ነበረ። ለእኔ መደለያ መስሎኝ…»

«ምነው በኋላ እንኳ ቢነግረን!» አለች ትህትና።

«የተዘጋ በር አያንኳኳም ነበር፣ አባትሽ» አሉ ጋሽ በኃይሉ።

ከውጭ የድንኳኑ ብረት ተንቋቋ። የዕድሩ ሰው በመስኮት አንገቱን አስግጎ «እንንቀለው?» አለ። ትህትና እጇን አንስታ ቆይ አለችው።

እትዬ አሳየሽ ስኒውን መሬት ላይ አስቀመጡ። ነጠላቸውን ከትከሻቸው አወረዱ፣ ገለበጡት፣ አዘቅዝቀው ለበሱት። ለቅሶ ቤት እንደሚገባ ሰው ጎንበስ ብለው፣ ካፖርት ለለበሱት ፈረንጆች ግራና ቀኝ እጅ ነሱ። ከዚያ ወደ ስክሪኑ ቀረቡና መሃል ላይ ወዳለው ባዶ ቦታ አዩ።

«እግዚአብሔር ያጽናህ፣ ሶርሳ» አሉት፤ ወለሉም ላይ ተቀመጡ።