አስራ ስምንት ይሙላሽ

የአጸደን ኩርፊያ የማያውቅ የለም። ሸጎሌ አካባቢ በምትገኝ አንዲት የሕጻናት ማሳደጊያ ሃያ አራት ዓመት በጸሐፊነት ስትሠራ አራት ሥራ አስኪያጅ ሸኝታለች፤ አንዳቸውም ያለ እሷ ፋይል አግኝተው አያውቁም። አምስተኛው ግን ሳያማክራት አክሊል የሚባል ወጣት አምጥቶ፣ «ፕሮግራሙን ወደ ዩኒኮድ ይቀይርልናል፤ በአማርኛም በኦሮምኛም በእንግሊዝኛም እንዲሠራ» ሲል፣ እርር ድብን አለች። ሃያ አራት ዓመት ሙሉ ለፍታ አንድ ቃል አይነገራትም? በአፏ ግን «እሰይ» አለች።

የድሮው ፕሮግራም የሚያውቀው የእንግሊዝኛ ፊደል ብቻ ነበር፤ የልጆቹም ስም የገባው በዚያው ነው። አማርኛ የሚጻፍበት እሷ ኮምፒውተር ላይ ብቻ በተጫነ አሮጌ ፎንት ነው፤ ፎንቱ በሌለበት ማሽን ያው ጽሑፍ ሲከፈት ድመት ኪቦርዱ ላይ የተራመደችበት ይመስላል። በዚህ ፎንት አጸደ የስድስት መቶ ልጆችን «ማስታወሻ» ጽፋለች፤ ማን እንዳመጣቸው፣ እናታቸው ምን ብላ እንደሄደች። የቤቱ ሕግ ደግሞ ጥብቅ ነው። ልጁ አስራ ስምንት ሳይሞላው ማስታወሻው አይነበብለትም።

ይህ ሕግ ያንገበገባት ጀና የምትባለውን ልጅ ነው። ጀናን በጨቅላነቷ ከዚያው ቤት ወስደው ያሳደጓት፣ ፊት ለፊት ሱቅ የነበራቸው አቶ ሸፊ ናቸው፤ ካቻምና ሊሞቱ ሲሉ «እናትሽ የሆነ ነገር አስጽፋ ነው የሄደችው» አሏት። ከዚያ ወዲህ ልጅቷ እግሯ እስኪቀጥን ተመላለሰች።

«እትዬ አጸደ፣ ስሟን ብቻ ይንገሩኝ። በአላህ!»

«ሕግ ነው የኔ ልጅ። አስራ ስምንት ይሙላሽ።»

ማስታወሻውን ከፍታ ብታነብላት ያልቅ ነበር። አላደረገችውም። እንዲያውም በሕግ አክባሪነቷ ትኮራ ነበር፣ ምን ይደረግ!

አክሊል ሥራ በጀመረ በሦስተኛው ቀን ላፕቶፑን ታቅፎ ወደ ጠረጴዛዋ መጣ። ጨዋ ልጅ ነው፤ ጎንበስ ብሎ፣ «እትዬ፣ እዚህ ማስታወሻ የሚለው ቦታ ላይ ያለው ዝብርቅርቅ ምንድን ነው? ቫይረስ ያበላሸው ነው የሚመስለው። ያስፈልጋል እንዴ?» አላት።

አጸደ ቀና ብላ እንኳ አላየችውም። «እኔ ምን አውቄ! የተማርከው አንተ፣ የምትጠይቀው እኔን? እንዳሰኘህ አድርገው።»

አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም። ሲቸግረው ተመልሶ ይለማመጠኛል ብላ ነበር፤ አልተመለሰም።

በሁለተኛው ሳምንት አዲሱ ፕሮግራም ተመረቀ። የልጆቹ ስም በፕሮጀክተር ግድግዳው ላይ በአማርኛ ወለል ብሎ ሲታይ ሥራ አስኪያጁ አጨበጨበ፤ ለስላሳ ተከፈተ። አጸደም እንደ ሰው ለስላሳዋን ጠጣች።

ሐሙስ ጀና አስራ ስምንት ሞላት። ቢሮው ሳይከፈት አዲስ ሂጃብ አድርጋ፣ መታወቂያዋን በእጇ ይዛ በር ላይ ቆማ ነበር። አጸደ ወንበር ሳበችላትና ስሟን ጻፈች፤ ቁልጭ ብሎ ወጣ። ወደ ታች ወረደች። «ማስታወሻ» ይላል፤ ከሥሩ ባዶ ነው። የሌላ ልጅ ከፈተች። ባዶ። የሌላም ባዶ።

አክሊል ተጠርቶ መጣ። «ያ ዝብርቅርቅ? አጠፋሁት እኮ። ቆሻሻ ይዘን ወደ አዲሱ ከምንገባ ብዬ...»

«አማርኛ ነበር!» ጮኸች አጸደ። «እኔ የጻፍኩት አማርኛ ነበር!»

ልጁ ላፕቶፑን ከፍቶ ፈለገ። ቅጂ ያስቀመጠው ካጸዳው በኋላ ነው። የድሮው ኮምፒውተርም ውስጡ ተደምስሶ ለአንድ ትምህርት ቤት ተሰጥቷል። ይህን ሁሉ ከተናገረ በኋላ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «እትዬ፣ ጠይቄዎት ነበር እኮ» አለ።

አጸደ የጀናን እናት ለማስታወስ ጭንቅላቷን ጨመቀችው። የስድስት መቶ እናት ታሪክ በጣቷ አልፏል፤ የዚህች ልጅ እናት ግን አልመጣ አለቻት።

«ደብተሩስ?» አለች ጀና። «መጀመሪያ በእጅ ነው የተጻፈው ብለውኝ አልነበር?»

ደብተሩ! ኮምፒውተር የገባ ጊዜ፣ ከአስራ ሁለት ዓመት በፊት፣ አጸደ እያንዳንዱን ገጽ ገለበጠችና ከዚህ በኋላ ወረቀት ምን ያደርጋል ብላ ደብተሮቹን በማዳበሪያ ከረጢት ሞልታ ፊት ለፊት ወሰደቻቸው።

«ለአባትሽ ሱቅ ሰጠኋቸው» አለች። «ለመጠቅለያ።»

ጀና መታወቂያዋን ኪሷ ከተተች። «አስታወስኩት» አለች። «ያኔ ማንበብ አልችልም ነበር። አባባ ባንኮኒው ላይ ያስቀምጠኝና ገጹን እየገነጠልኩ በርበሬ የምጠቀልልለት እኔ ነበርኩ።»

«ልጄ፣ ይቅር...»

ጀና ተነሳች። በሩ ጋ ስትደርስ ዞረች።

«ባለፈው ወር መጥቼ ለምኜዎት ነበር፣ እትዬ አጸደ። ያኔ ማስታወሻው ነበረ አይደል?»

«ነበረ» አለች አጸደ።