ለጣይባ የጠበቀው ሞላ

በሚሌኒየሙ ዓመት ጥቅምት ላይ ሀምዱ አሮጌ የገጠር ሞተሩን እየገፋ ሆጤ ወዳለው ጋራዤ መጣ። እህቱ ከቦሩ ሜዳ ማዶ፣ መኪና ከማይደርስበት አገር ወልዳለች። ሐሙስ ለሕፃኑ ስም ይወጣለታል። ለሀምዱ እናት ለወይዘሮ ጣይባ የመጀመሪያ የልጅ ልጅ ነው፤ እግራቸው ግን ያን ዳገት አይችለውም።

"በሞተር ውሰዳቸዋ" አልኩት።

"ባለፈው ወሰድኳት፣ ጋሽ ጸጋው። ድንጋዩ ወገቧን ብሏት ሳምንት ተኛች። ወላሂ ሁለተኛ አልወጣበትም ብላለች።"

የኋላውን ፈታሁት። ሁለቱም ሞላዎች ደክመዋል። ኮምቦልቻ ወርጄ ከተጣለ ትልቅ ሞተር ላይ ንዝረት የሚያበርዱ ሁለት አሞርዛተሮች ከነሞላቸው ፈትቼ አመጣሁ። የፊት እግሮቹንም ዘይት ለወጥኩ።

ሞላ የሚጠብቀው በሚሸከመው ልክ ነው። ከላላ ድንጋዩን ወገብ ይቀበለዋል፤ ከጠበቀ ያነጥራል።

"እናትህ ስንት ኪሎ ናቸው?"

ሀምዱ መሬት መሬት አየ። "እናት ትመዘናለች እንዴ፣ ጋሼ?"

"ገምት።"

"አርባ አምስት።"

ወይዘሮ ጣይባን አውቃቸዋለሁ። በራፌ ላይ ሲያልፉ ጋራዡ ይጨልማል። ግን ሰው ከልጅ ጋር ስለ እናቱ ክብደት አይከራከርም። በአርባ አምስት አጠበቅኩት።

ረቡዕ ጠዋት እየለመነ አመጣቸው። እሱ ፊት፣ እሳቸው ኋላ ተቀመጡ። የሞተሩ ጭራ ቁጭ አለ፤ ጎማው ከጭቃ መከላከያው ጋር ተላተመ።

ወረዱና ልጃቸውን አዩት። "ክብደቴን ስንት አልካቸው?"

"እማ፣ ዓይን እንዳይገባሽ ፈርቼ..."

"ስንት?"

"አርባ አምስት።"

"አርባ አምስትማ ሳልዳር ነበርኩ!"

መንገዱን ተሻግረው ወፍጮ ቤት ገቡ። ወረፋውን አልፈው የእህል ሚዛኑ ላይ ቆሙ። ሚዛን ያዡ ፊቱን አዞረ።

"አንብበው እንጂ!"

"ሰባ ስምንት፣ እማማ።"

"ሰማችሁ? ማሻአላህ በሉ!"

ወፍጮ ቤቱ በሙሉ ማሻአላህ አለ። በሩ ላይ ቆሜ እኔም አልኩ።

"እርስዎ አላዩኝም ነበር?" አሉኝ።

"አይቻለሁ።"

"ታዲያ እርስዎም ፈሪ ነዎት። ያጥብቁት፤ ነገ ስም ይወጣል።"

የሞላውን ማጥበቂያ ሦስት ጊዜ አዞርኩ። ሁለቱን አስቀመጥኳቸው፤ የሞተሩ ጭራ አምስት ጣት ወረደ። አንድ ዙር ጨመርኩ፤ አራት ጣት። በቃው። ሀምዱ ከበራፌ ያለውን ቦይ አሻገራቸው። ዓይናቸውን ጨፍነዋል።

"አለፍነው?"

"አለፍነው።"

"ድገመው እስቲ።"

አራት ጊዜ አስደገሙት።

ቅዳሜ ሀምዱ ብቻውን መጣ። ከኋላው አንድ ከረጢት ድንች አስሯል።

"ደረሳችሁ?"

"በጉ ሳይታረድ! ስሙንም ያወጣችው እማ ናት።"

"ድንቹስ?"

"እማ ወር ልትቆይ ነው። ብቻዬን ስነሳ ሞተሩ እንደ ፍየል ዘለለብኝ። ስትስቅ ቆየችና 'የኔን ያህል ጫኑለት' አለች።"

ሞላውን መልሼ ላላላለት ቁልፌን አነሳሁ።

"ይተዉት፣ ጋሼ" አለ። "እስክትመለስ በድንች እነዳለሁ።"