የሲባጎው ሌላኛ ጫፍ

ሾፌሩ አንሶላ የሚያጥፈው ከበር ጋር ነው። ሁለቱን ጫፎች በበሩና በመቃኑ መካከል ይቀረቅርና፣ ወደ ኋላ ሄዶ ወጥሮ፣ «ያዝ እንግዲህ!» ይለዋል በሩን። ሚስቱ በሕይወት ሳለች እሷ በዚያኛው ጫፍ፣ እሱ በዚህኛው ሲጎትቱ፣ ያቺ የክንድ ስፋት የማትሞላ ቤት ሸራዋን የዘረጋች መርከብ ትመስል ነበር። አሁን የቀረው በሩ ነው። በር ታማኝ ነው፤ ቀልድ ቢያወሩለት ግን አይስቅም።

እንዲህ ያለው ሰው ነው በስተርጅና የማህበረሰብ ኮሌጅ ገብቶ የተፈጥሮ ሀብት ጥበቃ ልማር ያለው። ዕድሜ ልኩን የረጅም መንገድ አውቶቡስ ሲነዳ ኖሮ ጡረታ ሲወጣ፣ የቤቱ ዝምታ ከሞተር ጩኸት ብሶ ጆሮውን በጠሰው። ኮሌጅ ቢያንስ ጠዋት ጠዋት ስም ይጠራል፤ «አቤት» የሚልበት ቦታ ያገኘ ሰው ግማሽ ዘመድ አገኘ ማለት ነው።

ችግሩ አፉ ነበር። መምህሩ ገና ስለ ተዳፋት መሬት ማስረዳት ሲጀምር እጁን አወጣ።

«ተዳፋት ለእኔ? እኔ እኮ ዓለም ላይ ያለውን ዳገት ሁሉ በመቀመጫዬ ነው የማውቀው! ውሃ ልክ ምን ያደርግልኛል? ዓይኔ ራሱ ውሃ ልክ ነው!»

ክፍሉ ጣሪያው እስኪነሳ ሳቀ። ሾፌሩም አብሮ ሳቀ፤ የወደዱት መስሎት። ከዚያ ወዲያ በእረፍት ሰዓት አግዳሚው ላይ ሲቀመጥ አጠገቡ የሚቀመጠው ቦርሳው ብቻ ሆነ።

ሴት ልጁ ከምትኖርበት ሩቅ ከተማ ደወለች።

«አባዬ፣ ጓደኛ አገኘህ?»

«ጓደኛ ብቻ? ክፍሉ በሙሉ ከኋላዬ ነው የሚሰለፈው! መምህሩ እንኳ ሳያማክረኝ ጠመኔ አያነሳም።»

«እውነት?»

«እኔ ዋሽቼ አውቃለሁ?»

ልጅቱ አባቷን ታውቀዋለችና ወሬውን ወደ ምሳው አዞረች።

የተግባር ፈተናው ቀን ደረሰ። መምህሩ ክፍሉን ከኮሌጁ ጀርባ ወዳለው ተረተር ወስዶ ሦስት ሦስት አድርጎ መደበ። ሁለቱ ቁመቱ እኩል የሆነ እንጨት ይይዛሉ፣ በእንጨቶቹ መሃል ሲባጎ ይወጠራል፣ ሦስተኛው ሲባጎው ላይ የተንጠለጠለችውን ውሃ ልክ እያየ «ከፍ፣ ዝቅ» ይላል፤ አረፋዋ መሃል ስትቆም ችካል ይተከላል። እርከኑ የሚሠራው በችካሎቹ መስመር ነው። የወደቀ ዓመቱን ይደግማል። ሾፌሩ ደግሞ ከወደቀ ላይመለስ ለራሱ ምሏል፤ ከዚያ በኋላ ያለው በሩ ብቻ ነው።

ከእሱ ጋር የተመደቡት አንድ ሳቂታ ወጣትና ድምጿ ተሰምቶ የማያውቅ አንዲት ዝምተኛ ልጅ ነበሩ።

«ጋሼ፣ የእርስዎ ዓይን እያለ እኛ ምን እንሠራለን? እንዳናበላሽብዎ!» አለና ሳቂታው፣ ልጅቷን አስከትሎ ከሌላ ቡድን ጋር ተቀላቀለ።

«ምን ገዶኝ! ብቻዬን ሠራዊት ነኝ!» አለ ሾፌሩ።

ሠራዊቱ ሥራ ጀመረ። አንዱን እንጨት በድንጋይ አስደግፎ አቆመ፤ ሌላውንም እንዲሁ። ሮጦ መሃል ገብቶ አረፋዋን አየ፤ ሸሽታለች። ሮጦ እንጨቱን ወደ ታች ወሰደ፤ ተመልሶ ሮጠ፤ አሁን ደግሞ በወዲያኛው በኩል ሸሸች። ያን ቀን የሮጠው ቢለካ ምድርን ዞሮ ይተርፍ ነበር። «ዝቅ በል! ዝቅ!» ብሎ እንጨቱን ተቆጣው። እንጨት ይሰማል? ጭራሽ ተንጋዶ ወደቀ። የሌሎቹ ችካሎች ተረተሩን አቋርጠው ሲያልፉ የእሱ ከመጀመሪያው አልራቀም።

መምህሩ መጥቶ ቆመ። «ጋሼ፣ ዓይንዎስ?»

መልሱ ምላሱ ጫፍ ላይ ነበር፤ ነፋሱን፣ ሲባጎውን፣ እንጨቱን የጠረበውን ሰው ሳይቀር ሊከስስ። ግን ሲባጎው መሬት ላይ ተልፈስፍሶ አየው፤ ከበር ላይ ሾልኮ የወደቀ አንሶላ መሰለው።

«ዓይኔ አይበቃም» አለ። ከዚያ ወደ ተማሪዎቹ ዞረ። «ልጆቼ፣ እባካችሁ፣ ጫፉን ያዙልኝ።»

ማንም አልሳቀም። ዝምተኛዋ መዶሻዋን አስቀመጠችና መጥታ የወደቀውን እንጨት አነሳች።

«የት ልቁም?» አለች። ድምፅ ነበራት ለካ።

ሳቂታውም አንገቱን እያከከ ተከተላት። «በሉ አንዱን እንጨት እርስዎ ይያዙ ጋሼ፣ አረፋዋን እኔ አያለሁ። ዝቅ ይበሉ! ኧረ ከፍ! አውቶቡስ አይደለም እኮ፣ ቀስ!»

ሾፌሩ ዝቅ ሲሉት ዝቅ፣ ከፍ ሲሉት ከፍ አለ። ልጅቷ በወዲያኛው ጫፍ ሳብ ስታደርግ ሲባጎው በጣቶቹ ላይ ይሰማው ነበር። በር እንዲህ አይስብም።

ችካሎቹ ተተክለው ሲያልቁ መምህሩ በጥርሱ እየሳቀ ፈተናውን አሳለፈው። ተማሪዎቹ ሁለት ሦስት እየሆኑ ተረተሩን ወረዱ፤ ሾፌሩን ና ያለው አልነበረም። ሲባጎውን ብቻውን ጠቅልሎ ወደ ቤቱ ሄደ።

አመሻሽ ላይ ልጁ ደወለች። «ፈተናው እንዴት ነበር?»

«አንዲት ልጅ የሲባጎውን ጫፍ ያዘችልኝ።»

ሴት ልጁ የቀረውን ጠበቀች፤ ጭብጨባውን፣ ሰልፉን፣ መምህሩ ያፈሰሰውን እንባ።

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ... ያዘችልኝ።»

ስልኩ ሲዘጋ ከገመድ ላይ ያወረደው አንሶላ እጁ ላይ ነበር። ወደ በሩ ሄዶ ጫፉን ሊቀረቅር አለና ተወው። ሳያጥፈው፣ እንደነበረ፣ ባዶው ወንበር ላይ አኖረው።