ስም ካልተጠራ አይነሳም

መቅደስ ከሰው እጅ እህል የጎረሰች ዕለት እናቷ ሻሺቱ እልል ልትል አፏን ከፈተችና ወዲያው በመዳፏ ከደነችው። በአእምሮ ሕሙማን ክፍል ውስጥ እልልታ አይቻልም፤ አንዱ ከጮኸ ሁሉም ይጮኻል።

ሦስት ወር ሙሉ ልጅቷ ሲስተር አስቴር በግድ ከምታጠጣት አጥሚት በቀር ምንም አልቀመሰችም። ከመምህራን ኮሌጅ እንቅልፍ አጥታ፣ አንደበቷ ተዘግቶ የተመለሰች ጊዜ፣ ከኦቾሎ ሸንተረር በቃሬዛ ሲያወርዷት "ይቺስ አትመለስም" ያላለ ሰው አልነበረም። ሻሺቱ ግን ቤቷን ዘግታ፣ ፈትሏን ጥላ ቃሬዛውን ተከትላ አርባ ምንጭ ሆስፒታል ወረደች። እዚያ ክፍል አስታማሚ የሌለው በሽተኛ አልጋ አያገኝም። አስታማሚው በረንዳ ላይ ሰሌን አንጥፎ ያድራል፤ ያበስላል፣ ያጥባል፣ በሽተኛው ሲነሳበትም ይይዛል። ሻሺቱ ከሰዓት በኋላ ብቻ ለአንድ ሰዓት ያህል ቀበሌው ወደከፈተው የጎልማሶች ትምህርት ትሮጥ ነበር። የልጇን መድኃኒት ከሌላው መድኃኒት በፊደል ለይታ ማወቅ ፈልጋ ነው። "ቢያቀያይሩብኝስ?" የሚለው ሐሳብ እረፍት ይነሳታል።

ያን ቀን ከትምህርት ስትመለስ መቅደስ ከማንጎው ዛፍ ሥር ተቀምጣለች። አንድ ቀጭን ወጣት ከራሱ ሳህን ጎደሬ እየቆረሰ ያጎርሳታል። እሷም ታኝካለች።

"ልጁን ምን አቅምሰሽው ነው እንዲህ የሚያገለግልሽ?" አለች ረሒማ፣ ወንድሟን የምታስታምመው የሲቀላ ሰፈር ባለሱቅ። "እኔ ወንድሜን በልመና ነው የማበላው። እስቲ ለእኔም አውሺኝ!"

"ሂጂ ወዲያ! አንቺ ደግሞ ያየሽው አይለፍሽ" አለች ሻሺቱ። ሳቀችም። ከፋሲካ ወዲህ የመጀመሪያ ሳቋ ነበር።

ወጣቱ አበጋዝ ይባላል። እርሱም በሽተኛ ነው፤ ሰው የማይሰማው ድምፅ እየሰማ ይጮኽ የነበረ፣ በመድኃኒት የተረጋጋ። ከዚያ ቀን ወዲህ መቅደስ በላች፤ ተኛች፤ አንድ እሑድ ረሒማን ጠርታ "ፀጉሬን ሥሪኝ" አለቻት። በክፍሉ ደንብ ወንድና ሴት በሽተኞች ከምግብ ሰዓት ውጪ አይገናኙም። ሲስተር አስቴር ግን ሁለቱን ስታይ ፊቷን ታዞራለች።

"ይሄ ልጅ ከእኔ መርፌ የበለጠ ሠራ" አለቻት ሻሺቱን። "እንዲህ ከቀጠለች ለመስቀል ቤቷ ትገባለች። እኔ እንደሆን ዓይኔ ደክሟል፤ ምንም አላይም።"

ሻሺቱ ቀን መቁጠር ጀመረች። ግን ስጋት ለሻሺቱ እንደ ነጠላዋ ነው፤ ሳትደርበው ከቤት አትወጣም። የማን ልጅ ይሆን? አንድ ጠዋት ወንዶቹ ፀሐይ ሊሞቁ ሲወጡ ገባችና ከአልጋው ግርጌ የተንጠለጠለውን ካርድ ጣቷን እያስኬደች ለቀመችው። አበጋዝ። ሽበሺ። ገረሴ። መጨረሻው ላይ ስትደርስ ካርዱን ለቀቀችው። የገረሴን ገበያ የረገጠ ሁሉ ሽበሺን ያውቃል። ማሰሮና ጋን እየሠራ የሚሸጥ ማና ነው።

በደጋው ሥርዓት ማና ከማላ ጋር፣ ሸክላ ሠሪ ከባለእርሻ ጋር በአንድ ሳህን አይበላም፤ መጋባትማ በሐሳብም አይመጣም። ያን የጣሰ ጎሜ፣ የነውር እርግማን፣ ገብቷል ይባላል። የተደበቀ ጎሜ ደግሞ እየዞረ ቤት ይጨርሳል። ሻሺቱ ባሏ በድንገት ሲሞት "ሳይናዘዝ የቀረ ጎሜ ነበረበት" ብለዋት አምና የኖረች ሴት ናት።

"ማን እንደሆነ ታውቂያለሽ?" አለቻት ልጇን።

"አውቃለሁ። መጀመሪያ ቀን ነግሮኛል። 'ሳትጎርሺ ልንገርሽ፣ እኔ ማና ነኝ' አለኝ። እኔም አፌን ከፈትኩለት።"

"ወይ ጉዴ! መቅዲዬ፣ ምን አደረግሽኝ?"

"እማዬ ስሚኝ። ስተኛ እንቅልፍ ይወስደኛል። ስነቃ ይርበኛል። ሌላ ምን ትፈልጊያለሽ? እኔ ከእርሱ ጋር ነው የዳንኩት። ስንወጣ እንጋባለን። ለማንም እንዳትናገሪ። ማዪልኝ።"

"ብናገር የአባትሽ አጥንት ይውጋኝ" አለች ሻሺቱ።

በነሐሴ መጨረሻ፣ ዓርብ ቀን፣ መቅደስን ብርድ ብርድ አላት። እስከ ቀትር ሰውነቷ እንደ ምድጃ ጋለ። ሲስተር አስቴር ደም ወሰደች፤ "ወባ ትመስለኛለች፤ የደም መርማሪው ሰኞ ነው የሚገባው። እስከዚያ ይህን ማስታገሻ እየሰጠሽ በእርጥብ ጨርቅ አብርጃት። ምንም አትሆንም" አለች።

ሻሺቱ ጨርቁን እየነከረች ቆየች። ቅዳሜ ጠዋት ግን ልጇ በትኩሳት ተይዛ "አበጋዝ፣ አበጋዝ" ስትል ሰማች። ጎሜው ስሙን እያስጠራ የሚወስዳት መሰላት። ወደ ደጋ የሚመለሱ ገበያተኞች አገኘችና "ሽማግሌ ይድረስልኝ" ብላ ላከች።

እሑድ ረፋዱ ላይ ሦስት ሽማግሌዎች እርጥብ ሣር ይዘው ግቢው ገቡ። ታላቁ፣ ጋሽ ሰይፈሥላሴ፣ ዱላውን መሬት ላይ ተክሎ ቆመ። አስታማሚውም በሽተኛውም በረንዳው ላይ ተሰበሰበ።

"ምን ተሠራ?" አለ።

"ልጄ... ከማይበላበት እጅ በላች።"

"ከማን እጅ?"

ሻሺቱ ወደ በረንዳው ዞረች። ረሒማ በዓይኗ "ተይ፣ ተይ" ትላታለች። "ጋሽዬ፣ ስሙ ይቅር። ጥፋቱን በእኔ አድርጉት።"

"ስም ካልተጠራ አይነሳም። ይህንንም እኔ ላስተምርሽ? ባልሽ የጎሜውን ስም እንደዋጠ አይደል አፈር የገባው?"

ከውስጥ የመቅደስ ጥርስ ሲንገጫገጭ ይሰማል።

"የሽበሺ ልጅ ነው፤ የገረሴው። አበጋዝ" አለች ሻሺቱ። ያልተጠየቀችውንም ጨመረች፣ ምንም ሳይቀር እንዲነሳላት። "ይዋደዳሉ። ልንጋባ ነው ይላሉ።"

ሽማግሌዎቹ ሣሩን ውኃ ነክረው ረጩ፤ መረቁ። ጋሽ ሰይፈሥላሴ ሲጨርስ የክፍሉን ኃላፊ አስጠራና "ወይ ልጁ ይወጣል፣ ወይ አገሩን ይዘን እንመጣለን" አለው። ኃላፊው ጠብ አልፈለገም። ደንቡም ነበረለት።

"ሻሺቱ፣ እኔ እኮ ሳላይ ነበር የኖርኩት። በሰው ሁሉ ፊት አሳየሽኝ" አለቻት ሲስተር አስቴር።

ሰኞ ጠዋት ሽበሺ ተጠርቶ መጣ። ሽማግሌዎቹን በሩ ላይ ሲያይ ባርኔጣውን አውልቆ ጭቃው ላይ ተንበረከከ።

"ጌቶቼ፣ ልጄ በሽተኛ ነው። ሳያውቅ ነው።"

"አውቄ ነው" አለ አበጋዝ።

አባቱ በጥፊ መታው። ከዚያ ማሰሮ የሚጭንበትን ገመድ አወጣና እጆቹን ወደ ኋላ አሰረው።

"አጥብቀው" አለ ጋሽ ሰይፈሥላሴ።

ሽበሺ እያለቀሰ አጠበቀው። አበጋዝ አንገቱን ወደ ሴቶቹ መስኮት እንዳዞረ እየተጎተተ ሄደ። ሲስተር አስቴር መድኃኒቱን በላስቲክ ቋጥራ እየሮጠች ስትወጣ፣ አባትና ልጅ የተሳፈሩበት የጭነት መኪና ተነሥቶ ነበር። ላስቲኩን እንደያዘች ተመለሰችና ሻሺቱ ፊት ቆመች።

"ውጤቱ መጣ። ወባ ነው። በሦስት ቀን ትድናለች።"

በሦስት ቀን ዳነች። ለመስቀልም ቤቷ ገባች። የኦቾሎ ሰው "ጎሜው ተነሳ" ብሎ ጨፈረ፤ ሻሺቱንም "ልጅሽን ከመቃብር አወጣሻት" እያለ መረቃት። መቅደስ ሥሪ ያሏትን ትሠራለች፤ ብዪ ሲሏት ትበላለች። እናቷን ግን "እማዬ" አላለቻትም።

በጥቅምት አንዲት ገበያተኛ ደጃፍ ላይ ቆማ ወሬ አመጣች። "ያ የሽበሺ ልጅ ከእቶኑ ጀርባ ታስሮ ነው የሚውለው አሉ። ድምፁ ተመልሶበት ሲጮኽ እንስራ ይሰነጥቃል!" ብላ ሳቀች። ሻሺቱም ሰው እንዳይታዘባት አብራ ሳቀች።

መቅደስ እንዝርቷን መሬት አስቀመጠች። ነጠላዋን ለብሳ ወጣችና ሸንተረሩን መውረድ ጀመረች። ሻሺቱ እህልና ልብስ በጨርቅ ቋጥራ "መቅዲዬ! የት ልትሄጂ ነው?" እያለች ከኋላ ከኋላ ተከተለቻት። ልጅቷ አንዴም አልዞረችም። አርባ ምንጭ ደርሳ ክፍሉ በር ላይ ቆመች።

"ምን ሆንሽ?" አለች ሲስተር አስቴር። "ድነሽ አልነበር?"

"አስተኙኝ።"

"እሺ፤ አስታማሚሽ ማነው?"

"እኔ አለሁ!" አለች ሻሺቱ፣ ትንፋሿ እየተቆራረጠ ከኋላ ደርሳ። "እኔ ነኝ፣ እናቷ!"

መቅደስ ዞር ብላ፣ መንገድ የጠፋበትን እንግዳ እንደምታይ ሁሉ፣ ከእግር እስከ ራስ አየቻት።

"አስታማሚ የለኝም" አለች። "እንደዚያ ብለሽ ጻፊ።"

ሲስተር አስቴር ሁለቱንም አየች። ወረቀቱ ላይ "አስታማሚ" ከሚለው አጠገብ የራሷን ስም ጻፈችና መቅደስን በክንዷ ይዛ አስገባቻት። ሻሺቱ ልትከተል እግሯን ስታነሳ፣ ሲስተር አስቴር በሩን በግማሽ መለሰችው።

"በሽተኛዋ አስታማሚዬ ያላለቻትን ሴት አላስገባም" አለች። "ደንቡ ነው፣ እትዬ።"