ጆንያ የተጫማው በሬ

መምህር ወንዳወቅ አንድ ክፉ አመል ነበረበት፤ ክፉ መሆኑን ያወቀው ግን ዘግይቶ ነው። የማይተዋወቁ ሰዎችን ማገናኘት ይወድ ነበር። የመንደር ሰው ማለቴ አይደለም፤ የመጽሐፍ ሰው ነው። በዘጠና ሦስት ዓመተ ምሕረት ከደብረ ማርቆስ ተመድቦ፣ ከቡሬ የሁለት ሰዓት የእግር መንገድ የምትርቀው ዋንዛ በር ሲደርስ፣ ይዞት የመጣው አንድ ፍራሽና አንድ ካርቶን ብቻ ነበር። ካርቶኑ ሽፋናቸው በተገነጠለ፣ ርዕሳቸው እንኳ በጠፋ የድሮ ልብ ወለዶች የተሞላ ነው።

ከነዚያ መጻሕፍት ሦስት ሰው መረጠ። አንደኛው ግራዝማች አጥናፉ ናቸው፤ መንገድ ጠፍቷቸው ሳለ "እኔ መንገድ የምጠይቅ ሰው ነኝ?" ብለው በኩራት በረሃ ገብተው የቀሩ። ሁለተኛዋ ውዳሴ ናት፤ ለሄደ ፍቅረኛዋ ሰባት ዓመት ሙሉ መስኮት ሥር ተቀምጣ ያለቀሰች። ሦስተኛው ዓለም በቃኝ ብለው ዋሻ የገቡት አባ ሃይለ ሚካኤል ናቸው። ሦስቱም በየመጽሐፋቸው የክረምት ሌሊት የሚያስለቅሱ ሰዎች ነበሩ። ወንዳወቅ ግን እጃቸውን ይዞ ጎትቶ አወጣና አንድ የፈረስ ጋሪ ላይ ጫናቸው።

እንደው ሦስቱ ከቡሬ ገበያ ወደ ፍኖተ ሰላም አብረው ቢሳፈሩስ? ጋሪው ጭቃ ውስጥ ተቀረቀረ። ባለጋሪው "ውረዱና ግፉ" ሲል ግራዝማች "ለመግፋት መጀመሪያ ማጎንበስ አለ፤ እኔ ደግሞ ለማንም አጎንብሼ አላውቅም" ብለው እንደተኮፈሱ ቀሩ። ውዳሴ የፈረሱን ዓይን አየችና "ይኸ ዓይን የሱ ነው!" ብላ አንገቱ ላይ ተጠመጠመች። አባ ሃይለ ሚካኤልማ ዓለምን ስለናቁ ሒሳብ አይከፍሉም፤ ዓለምን ንቀው ፍኖተ ሰላም ምን እንደሚሠሩ ቢጠየቁም መልስ የላቸውም። በሚቀጥለው እሑድ ደግሞ ወፍጮ ቤት ወረፋ ላይ አቆማቸው፤ ውዳሴ ስታለቅስ ስታለቅስ ዱቄቷ እዚያው ሊጥ ሆነ።

ይህን ሁሉ በደብተር እየጻፈ እሑድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ዋንዛው ሥር ለሕዝቡ ያነብ ነበር። ኧረ ሰው ሲወድለት! ሽማግሌው በምርኩዙ መሬት እየደበደበ ይስቃል፤ ሴቶቹ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ይጭናሉ። ብዙ ሳይቆይ ሰፈሩ ውስጥ የማያጎነብስ ሁሉ "ግራዝማች" ይባል ጀመር። ወንዳወቅ በዚህ ኮራ፤ አይደበቅም፣ በጣም ኮራ። በሃያ ሰባት ዓመቱ እንዲህ የሰማው ሰው አልነበረም።

ከሁሉም አብልጦ የሚስቀው አከራዩ የሽዋስ ነበር። የሽዋስ ከአዊ ወገን መጥቶ ዋንዛ በር ላይ ጌጥነሽን አግብቶ የቀረ፣ ሃያ ዓመት ኖሮም እስከ ዛሬ "የመጣ ሰው" የሚባል ገበሬ ነው። ሁለት በሬ አለው፤ መሬቱ ትንሽ፣ ጨዋታው ግን ብዙ። አንድ ዝናባም ከሰዓት በኋላ፣ ማሳው ጭቃ ሆኖ ሥራ ሲፈታ፣ ስለ አባቱ አጫወተው። አባቱ በንጉሡ ጊዜ ዱካ ፈላጊ ነበሩ፤ ከብት ሲጠፋ አገር ሁሉ እሳቸውን ይጠራል።

"አባቴን ሌባ ያሸነፋቸው አንድ ጊዜ ብቻ ነው" አለ የሽዋስ። "ሌቦቹ የበሬውን አራት እግር ጆንያ አጫምተው በወንዝ ወሰዱት። ዱካ ቢሉ ዱካ የለ። እሳቸው እስኪሞቱ ሲቆጩ ኖሩ።"

ወንዳወቅ ይህን የመሰለ ነገር ሰምቶ ዝም ይላል? ለኅዳር እሑድ ጻፈው። ሦስቱ መንገደኞች ራባቸውና በሬ ሊሰርቁ ተስማሙ። ግራዝማች ከበሬ ኋላ መሄድ ውርደት ነው ብለው ከፊት ሆኑ፤ አባ ሃይለ ሚካኤል ዳዊት እየደገሙ ነዱ፤ ውዳሴ እንባዋን እየጠረገች አራቱን ሰኮና በጆንያ አሰረች፤ ወርደውም በወንዙ ውስጥ ለውስጥ ሄዱ። ያን ቀን ሰው ሆዱን ይዞ ነው የሳቀው።

በሁለተኛው ሳምንት የአቶ እጅጉ ወይኖ በሬ ጠፋ። ዱካ የለም። ወንዙ ዳር እበት የነካው ቁራጭ ጆንያ ብቻ እሾህ ላይ ተንጠልጥሎ ተገኘ። ወንዳወቅ ይህን ሲሰማ ክፍል ውስጥ ጠመኔ ይዞ ነበር፤ የሚጽፈው ቃል ከአእምሮው ጠፋ።

ፖሊሱ ያለው ቡሬ ነው፤ ዋንዛ በር ግን የቆየ የራሷ መላ አላት፣ አውጫጭኝ ተጠራ። ከየቤቱ አባወራው ወጥቶ ዛፍ ሥር ይቀመጣል፤ ሌባው እስኪታወቅ ማንም ወደ ሥራው አይሄድም። ያየ የሰማ ሰው ለተመረጡት ሽማግሌዎች በጆሯቸው ይነግራል፤ ማን እንደተናገረ አይጠየቅም፣ ወፍ ነገረችን ይባላል። ስም ካልወጣ የበሬው ካሳ በሁሉም ላይ ይወድቃል። አንድ ቀን ተቀመጡ፣ ሁለት ቀን ተቀመጡ። ጤፉ ታጭዶ ሳይከመር ማሳ ላይ ተኝቷል። በሦስተኛው ቀን በስተምዕራብ ደመና ጠቆረ፤ የሰዉ ሁሉ ዓይን ከሽማግሌዎቹ ይልቅ ደመናው ላይ ነበር።

የሽማግሌዎቹ መሪ አቶ ገብረሰንበት ናቸው። "መምህር፣ ይነሡ እስቲ" አሉ። "ወፏ ስለ ደብተርዎ ነገረችን።"

ወንዳወቅ ሳቀ። የሳቀው ብቻውን ነበር።

"አቶ ገብረሰንበት፣ ያ እኮ ጨዋታ ነው። ግራዝማች የሉም። ውዳሴም የለችም።"

"እሱንማ እናውቃለን፤ ምነው ሞኝ አደረጉን? ግራዝማችን ያምጡልን አላልንም። ጆንያው ግን አለ፣ ይኸው። ይህን ብልሃት ከየት አመጡት?"

"ከራሴ ነው።"

ከኋላ አንዱ "ሐምሌ ላይ ጥጃ አባሮት ሰው ቤት የገባው ይኸ አይደለም?" አለ። ሰው ሳቀ፤ እሑድ እሑድ የሚስቀው ዓይነት ሳቅ ግን አልነበረም። እውነት ነው፣ ወንዳወቅ የከተማ ልጅ ነው፤ የበሬ እግር በእጁ ነክቶ አያውቅም።

ጨነቀው። ሲጨንቀው ደግሞ ትልቁን ስሕተት ሠራ። "ይኸ ሁሉ ሰው እዚሁ ተቀምጦ ሰምቶኛል እኮ! የሰማ ሁሉ ብልሃቱን አውቋል። ከመካከላችሁ ማንም ሊሆን ይችላል!"

 "ሁላችንንም ሌባ አለን!" የሚል ጩኸት ከአራቱም በኩል ተነሣ። ስንት እሑድ ያሳቃቸው ሰዎች በጣታቸው እየጠቆሙት ይጮሃሉ። ልናገር ቢል ድምፁ አይሰማም፤ ዝም ቢል ያመነ ይመስላል።

ቄሱ መስቀል ይዘው መጡ። አቶ ገብረሰንበት "መስቀሉን ይያዙና ይንገሩን፤ ማን ነው የነገረዎ?" አሉ። ወንዳወቅ በልጅነቱ ድቁና ተቀብሏል። መስቀል ጨብጦ መዋሸት አይችልም። የሽዋስን ፈልጎ አየው። የሽዋስ ከሰዉ መሐል ራሱን ነቀነቀለት፤ ንገራቸው፣ ምን አለበት የሚል ይመስል ነበር። ሁለቱም የዋህ ነበሩ፤ ሁለቱም ይህን ሁሉ ጉድ አላሰቡትም።

"ጋሼ የሽዋስ ናቸው። ግን..."

ከ"ግን" በኋላ ያለውን የሰማ ሰው የለም።

የሽዋስ ተነሥቶ ቆመ። "አዎ ነግሬዋለሁ። አባቴ ሌባ አልነበሩም፤ ሌባ ፈላጊ ነበሩ" አለ።

"ሌባ ሲፈልግ የኖረ ሰው ልጅ ካላወቀ ማን ሊያውቅ ነው?" አለ አቶ እጅጉ። ይህችን ሲሰማ ሰዉ ሁሉ እውነት ነው እያለ አጉረመረመ።

"ልማል" አለ የሽዋስ።

"አብረውህ የሚምሉ ሦስት ሰዎች አምጣ" አሉ አቶ ገብረሰንበት።

ወንዳወቅ ዘሎ ተነሣ። "እኔ እምላለሁ! አብረን ነው የምንኖረው፣ በሬው የጠፋ ዕለት ከቤት አልወጡም!"

"እርስዎማ የነገሩን ሰው ነዎት" አሉት፤ አልተቆጡም፣ እንደ ልጅ ነው ያስረዱት። "እርስዎ አይቆጠሩም።"

ሌላ ማን ይነሣል? የሽዋስ ወደ ጎረቤቶቹ አየ፤ አብሯቸው ያጨደ፣ አብሯቸው ለቅሶ የተቀመጠ ሰው ነው። ጎረቤቶቹ ደመናውን አዩ። ክፉዎች ስለሆኑ አይደለም፤ ጤፋቸው ማሳ ላይ ነበረና ነው። ስም ወጥቷል፣ ከእንግዲህ መሄድ ይቻላል። የመጀመሪያዋ ጠብታ ሳትወርድ ተፈረደ፤ የሽዋስ ከሁለቱ በሬዎች ቦራውን ለአቶ እጅጉ ይስጥ። ሰዉ ወደ ማሳው ሮጠ። ወንዳወቅ ዛፉ ሥር እንደቆመ ቀረ።

ማታ ጌጥነሽ እራቱን ከፊቱ አስቀመጠችለት። አልሰደበችውም። ቢሰድቡት በወደደ። "እንደው እኛ ምን በደልንህ?" አለችው ብቻ። እንጀራውን ሳይነካው ተነሣ።

ያልሞከረው የለም መቸም። ቡሬ ወርዶ ለአንድ የፖሊስ ጸሐፊ ነገሩን ከግራዝማች ጀምሮ ዘረዘረለት። ጸሐፊው በፈገግታ ካዳመጠው በኋላ "ጥሩ ነው፣ በል ከቀበሌህ ደብዳቤ አጽፈህ ና" አለው። የቀበሌው ሊቀ መንበር ደግሞ ከሽማግሌዎቹ አንዱ ነበሩ። ሲመለስ የሽዋስን "ደመወዜን ልስጥዎ፣ ሌላ በሬ ይግዙ" ብሎ ለመነው።

"ከሰጠኸኝማ ተካፈሉት ይሉናል" አለ የሽዋስ።

"ቤቱንስ ልልቀቅልዎ?"

"ከለቀቅህ ተጣሉበት ይላሉ።"

በሌላው እሑድ ከቅዳሴ ሲወጣ ሰዉ እንደ ወትሮው ዛፉ ሥር ተቀምጦ ጠበቀው። ዓይኑን ማመን አቃተው። አቶ እጅጉ ራሳቸው ቦታ ለቀቁለት። "ምነው መምህር፣ ግራዝማች በሬውን ይዘው የት ደረሱ?" አሉት። ተንኮል የለበትም፤ የምራቸውን ነው፣ ናፍቀዋቸው ነው።

"ሞቱ" አለ ወንዳወቅ።

"ውይ! ሦስቱም?"

"ሦስቱም።"

"በምን?"

  አንዲት አሮጊት ከንፈራቸውን መጠጡ፤ "ውዳሴ እንኳ ምስኪን ነበረች፤ ለማንም ክፉ አላሰበች" አሉና ዓይናቸውን በነጠላቸው ጫፍ አበሱ። የሽዋስ ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ወጥቶ በሰዉ መሐል አለፈ። እንዴት አደርህ ያለው አንድም ሰው አልነበረም። ከወረቀት ላይ በቀር ላልኖሩት የሚያለቅስ አገር፣ ለሱ አንገቱን አላቀናለትም። ወንዳወቅ ሊጮህ አፉን ከፈተ፤ የሚጮኸው ሁሉ ግን እንደ ገና በየሽዋስ ላይ እንደሚያርፍ ስላወቀ ከደነው። ደብተሩን የዚያን ዕለት ምድጃ ውስጥ ጨመረው። ይህም ግን ቦራውን ለየሽዋስ አላስመለሰለትም።

ግንቦት ገባ፣ የእርሻ ወቅት ሆነ። አንድ በሬ ያለው ገበሬ አንድ በሬ ካለው ጎረቤቱ ጋር ይቀናጃል፤ የአገሩ ልማድ ነው። የሽዋስ አምስት ቤት ሄደ። አንዱ በሬዬ ታሞብኛል አለ፤ ሌላው ከወንድሜ ጋር ተነጋግሬያለሁ አለ፤ ሦስቱ ደጃቸውን አልከፈቱም። ከሌባ ጋር ማን ይቀናጃል? የቀረለት በሬ ዳልቻው ብቻውን በረት ውስጥ ቆሞ እያመነዠከ ሰው ሁሉ አረሰ። ከዚያ የሽዋስ ዶማ አነሣ።

ቅዳሜ ጠዋት ወንዳወቅ ከጎረቤት ዶማ ተውሶ ወደ ማሳው ወረደ። ሰላም ብሎ ከየሽዋስ ጎን ቆመና መቆፈር ጀመረ። እጁ ወዲያው አበጠ፤ ግን ደስ አለው፣ ከኅዳር ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚጠቅም ነገር የሠራ መሰለው። አንድ ትልም ሙሉ ቆፈሩ። ወደ ቡሬ ገበያ የሚወጡ ሰዎች በማሳው ግርጌ ሲያልፉ ቆም አሉ። አንደኛዋ ሴት ድምፅዋን ዝቅ ለማድረግ እንኳ አልሞከረችም።

"ይኸው፣ አሁንም አብረው ናቸው!"

የሽዋስ ዶማውን መሬት ላይ ተክሎ ተደገፈ። ፊቱ ላይ ቁጣ የለም፤ ድካም ብቻ ነው።

"መምህር፣ በልጅህ ይዤሃለሁ፣ ሂድልኝ" አለ። ወንዳወቅ ልጅ የለውም። "ብቻዬን ስሆን ድኻ ነኝ። አንተ አጠገቤ ስትቆም ሌባ እሆናለሁ።"

ወንዳወቅ ዶማውን ትከሻው ላይ አድርጎ ከማሳው ወጣ። ዳገቱን እስኪጨርስ ድረስ የዶማው ድምፅ ከኋላው እየተሰማው ሄደ።