አራተኛው አጀንዳ

ማክሰኞ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ፣ ምልዓተ ጉባኤው መሟላቱ ከተረጋገጠ በኋላ፣ የማተሚያ ቤታችን የስብሰባ ክፍል መስኮት ተከፈተ።

ሦስት አጀንዳዎች በሰላም አለፉ። አራተኛው «የሴቶች ጉዳይ» ነው። ሁልጊዜ አራተኛ ነው፤ ሁልጊዜም ምሳ ሰዓት ይደርስበታል። ቃለ ጉባኤው ላይ ግን «በሰፊው ተወያይተን በአንድ ድምፅ ተስማማን» ተብሎ ይሰፍራል።

ቃለ ጉባኤ የምትይዘው ጠራዧ ናት። ለክፍል ኃላፊነት ሦስት ጊዜ ተፈትና ሦስቴም አንደኛ ወጥታለች። ሦስቴም «ልምድ ይቀራታል» ተብላለች። የተሾሙትን ሦስቱንም ሥራ ያለማመደቻቸው እሷ ናት።

«ዛሬስ እንነጋገርበት» አለች። «ለምንድነው የማልሾመው?»

«እህት ዓለም» አለ ሊቀመንበሩ ሰዓቱን እያየ፣ «ቤት ውስጥ የምታዙን እናንተ አይደላችሁ እንዴ? እዚህ እንኳ እንረፍ እንጂ!»

«ስለ ቤትህ አልጠየቅኩህም።»

ማሽኒስቱ ጣልቃ ገባ። «እውነቱን ልንገርሽ? ፈተናውን ማለፍሽን ማን ካደ! እኔ ግን በሴት አልታዘዝም። ሴት ብታውቅ በወንድ ያልቅ ሲባል አልሰማሽም?»

ሁሉም አውካካ። እሷ አልሳቀችም፤ እየጻፈች ነበር።

ሊቀመንበሩ ከማስፈረሙ በፊት፣ እንደ ደንቡ፣ ቃለ ጉባኤውን እንደ አዋጅ ነጋሪ ማንበብ ጀመረ። አራተኛው ላይ ሲደርስ ድምፁ ሰለለ።

«‹በሴት አልታዘዝም›… ‹የጋራ ሳቅ›? ሳቅ ይጻፋል እንዴ?»

«ስቃችኋላ።»

«ቀልድ ነው እኮ! ይሄ ዋናው ቢሮ ቢደርስ ምን ይሉናል? ሰርዢው።»

«ልምድ የለሽም ስባል ቀልድ ነው ያለኝ የለም። ዛሬ ገና ምክንያቱን በጆሮዬ ሰማሁ። ያልተባለ ካለ ንገሩኝ፣ እሰርዛለሁ። የተባለውን ግን ሞቼ እገኛለሁ!»

ሊቀመንበሩ ዙሪያውን ቃኘና ብልሃት መጣለት። «ጥሩ፣ በድምፅ እንወስን። ይህን ንግግር የሰማ እጁን ያውጣ።»

ማንም አልሰማም። ማሽኒስቱ እንኳ አልሰማም፤ ጣሪያውን ያጠና ጀመር።

የንብረት ክፍሉ ጋሼ፣ በስብሰባ ላይ ቃል ተንፍሰው የማያውቁት፣ ከኋላ ወንበር እጃቸውን አወጡ።

«ሰምቻለሁ» አሉ። «ስቄማለሁ። እሱንም ጻፊልኝ፣ ልጄ።»

እሷ ጽፋ ቀና ስትል፣ አጠገባቸው ሁለተኛ እጅ ወጥቶ ነበር።